ከቆምኩበት የሚታየው ሰማይ

ሰማይ ፎቶ ማንሳት የጀመርኩ ሰሞን ያየኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ሰማይ እኮ ለሁሉም አንድ ነው፣ ምኑን ነው የምታነሺው?» በጥያቄው ውስጥ ክፋት የለም። የማንንም ሰው ስልክ ብንከፍት ቢያንስ አንድ የጀምበር መጥለቂያ ፎቶ አናጣም፤ ቀለሙ ይመሳሰላል፣ ጥላ መስሎ የቆመው ዛፍም ይመሳሰላል። ለረጅም ጊዜ «ደስ ስለሚለኝ ነው» ብዬ አልፍ ነበር። ደስ የሚለኝ መሆኑ እውነት ነው። አሁን ግን ከዚያ የተሻለ መልስ አለኝ፦ ሰማይ ለሁሉም አንድ አይደለም። እያንዳንዱ የሰማይ ፎቶ አንሺው በዚያች ሰዓት በዚህች ምድር ላይ የት እንደቆመ፣ ፊቱንም ወዴት እንዳዞረ ይመሰክራል። ካሜራዬን ወደ ላይ ባነሳሁ ቁጥር ይበልጥ እየገባኝ የመጣው ከእግሬ ሥር ያለችው ምድር ናት። የሰማይ ውበት ለእኔ ትርጉም ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው።

ከምሥራቅ ልጀምር። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞራል፤ ካሜራውም ፊቱን ይከተላል። ፀሐይዋ ከአድማስ ሥር እንደገባች ደግሞ ሁሉም አበቃ ይባልና ስልኩ ወደ ኪስ ይመለሳል። ሰማይ ማንሳት ለሚጀምር ሰው የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ሁሌም ያው ነው፤ ያኔ ዙር። ሰማዩ የጠራ ከሆነና ምሥራቁን የሚከልል ነገር ከሌለ፣ ጀምበር በጠለቀች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከምሥራቅ አድማስ ላይ ሰፊ መስመር ብቅ ይላል፤ ቀለሙ ግራጫ የተቀላቀለበት ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። ከበላዩ ለስለስ ያለ ሮዝ ቀለም ተዘርግቷል። ሮዙን የሰማይ ወዳጆች የቬነስ መቀነት ይሉታል። ከሥሩ ያለውን ጠቆር ያለ መስመር ብዙ ሰው ሲያየው የሩቅ ደመና ወይም ጭጋግ ይመስለዋል። የምድር ጥላ ነው። ምድር ከፀሐይ በተቃራኒ በራሷ አየር ላይ የጣለችው ጥላ!

ይህን ካወቅሁ በኋላ የምሽት ሰማይን እንደ ቀድሞው ማየት አልቻልኩም። ጥላው ዝም ብሎ አይቆምም። ካሜራውን በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ አስሬ በየደቂቃው አንድ አንድ ፎቶ ሳነሳ የጥላው ጠርዝ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል። መጀመሪያ ላይ ሮዙና ሰማያዊው በጉልህ ተለይተው ይታያሉ፤ ቆይቶ ድንበሩ ይደበዝዛል፤ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ደግሞ ጥላው ከሰማዩ ጋር ተዋሕዶ መለየት ያቅታል። ያ ጥላ የትም አልሄደም። ከአናቴ በላይ አልፎ ሄዶ እኔም ውስጡ ገባሁ ማለት ነው፤ ሌሊት የምንለው እሱ ነው። ጎህ ሊቀድ ሲልም፣ ገና ሰማይና ምድሩ ሳይላቀቅ፣ በምዕራብ በኩል ይኸው ነገር ተገልብጦ ይታያል፤ ጥላው ወደ ታች እየወረደ፣ ሮዙ እየተከተለው።

ፎቶውን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ስልክም ሆነ ካሜራ በራሱ ፈቃድ ከተተወ ይህን ሰማይ ከመጠን በላይ ያበራዋል፤ ሮዙም ይነጣል። ስልኩ ላይ ሰማዩን በጣት ነክቶ የብርሃን መጠኑን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ሌላው ሁሉ ትዕግሥት ነው።

ጥላው ወዴት እንደሚዘልቅ ማየት ለሚፈልግ የጨረቃ ግርዶሽ አለለት። በምሥራቅ አድማስ ላይ የሚነሳው ጥላ በሕዋ ውስጥ ተዘርግቶ አንዳንዴ ጨረቃ ላይ ያርፋል። አርስቶትል ምድር ክብ ናት ብሎ ከተከራከረባቸው ማስረጃዎች አንዱ የዚህ ጥላ ጠርዝ ምን ጊዜም ክብ ሆኖ መታየቱ ነበር። ጨረቃዋ ጥላው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስትገባ አትጠፋም፤ ትቀላለች። ያ ቅላት በምድር ዙሪያ ካለው አየር ተጣጥፎ ያለፈ የፀሐይ ብርሃን ነው፤ በዚያች ቅጽበት በምድር ላይ እየነጋና እየመሸ ያለበት ቦታ ሁሉ ብርሃኑን ተባብሮ ጨረቃ ላይ ያሳርፈዋል። ከግርዶሽ ፎቶ ሁሉ የምወደው ጥላው ግማሿን ብቻ ሲሸፍናት ያለውን ነው፤ የቆምንባት ምድር ጠርዝ በግልጽ የሚታይበት ስለሆነ።

ምዕራቡንም ቢሆን አልተውኩትም። የጀምበር መጥለቂያን እንደ ርካሽ ውበት የሚቆጥሩ ፎቶ አንሺዎች አሉ፤ «ያለቀለት ነገር ነው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ፀሐይዋ የታችኛው ጠርዟ አድማሱን ሲነካ በምናያት ጊዜ፣ አየሩ ብርሃኗን አጥፎ ባያመጣልን ኖሮ ሙሉ በሙሉ ከአድማስ በታች በሆነች ነበር። አየሩ አድማስ ላይ ያለን ብርሃን ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት አስበልጦ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ የፀሐይ ስፋት ደግሞ በእኛ ዓይን ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው። በዚያ ላይ ብርሃኗ ከእሷ ተነስቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ ፎቶው ውስጥ ያለችው፣ በቆምንበት አየር ታጥፋ የደረሰችን የቅድሟ ፀሐይ ናት። ሁሉም ሰው ያነሳት ይህች ፀሐይ ለእኔ አሁንም ትደንቀኛለች።

ቀለሙም እንደዚሁ የቦታ ጉዳይ ነው። እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1871 እንዳስረዳው፣ የአየር ቅንጣቶች አጭር ሞገድ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ከቀዩ በብዙ እጥፍ አብልጠው ይበትኑታል። ቀን ላይ ሰማዩ ሰማያዊ የሚሆነው ለዚህ ነው። ፀሐይ አድማስ ላይ ስትሆን ግን ብርሃኗ ከአናት በላይ ካለችበት ጊዜ 38 እጥፍ ገደማ የሚሆን አየር አቋርጦ ነው የሚመጣው፤ ሰማያዊው መንገድ ላይ ተበትኖ ያልቅና ቀዩና ብርቱካናማው ይቀርልናል። እኔ ጋ ሲመሽ ብርሃኑ ያጣው ሰማያዊ፣ ከእኔ በስተምዕራብ ሩቅ ላለና ገና ቀን ለሆነለት ሰው የሰማዩ ቀለም ነው። ይህን ሳስብ ምሽቴን ከማላውቀው ሰው ጋር የተካፈልኩት ይመስለኛል።

ቀስተ ደመና ደግሞ ነገሩን የግል ያደርገዋል። ፀሐይ ከኋላዬ፣ ዝናብ ከፊቴ ሲሆን ነው የሚታየው። የክቡ መሀል ያለው ከፀሐይዋ ትክክለኛ ተቃራኒ ላይ ነው፤ ይኸውም የራሴ ጥላ፣ የጭንቅላቴ ጥላ፣ በሚያርፍበት አቅጣጫ። ከዚያ ነጥብ በ42 ዲግሪ ርቀት ላይ ያሉ የዝናብ ጠብታዎች ብርሃኑን ሰብረውና መልሰው ወደ ዓይኔ ይልኩታል። ከጎኔ የቆመ ሰው የራሱ መሀል ነጥብ፣ የራሱ ጠብታዎች አሉት። አንድ ቀስተ ደመና እያየን ይመስለናል እንጂ እሱ የሚያነሳው የራሱን ነው፣ እኔም የራሴን። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብል ቀስቱ አብሮኝ ይሄዳል። ወደ ሥሩ መድረስ የማይቻለውም ለዚህ ነው፤ ሥር የለውም፤ ያለው አቅጣጫ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚወጣ ለፎቶ አንሺ የሚጠቅም ዘዴ አለ። ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ቀስተ ደመና ለመፈለግ ሰማዩን ከማሰስ በፊት የራስን ጥላ ማየት ነው። ጥላው ከቁመት ያጠረ ከሆነ ፀሐይዋ በጣም ከፍ ብላለች፤ ሜዳ ላይ ቆሞ ቀስት መጠበቅ ከንቱ ነው። ጥላው ረዝሞ የተኛ ከሆነ ግን የራስ ጥላ ወደሚያመለክትበት ዞሮ መጠበቅ ይቻላል። ቀስቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 84 ዲግሪ ስለሚሰፋ በተለመደው የስልክ ሌንስ ውስጥ ሙሉው አይገባም፤ ሰፊውን ሌንስ መክፈት ያስፈልጋል፤ ትልቅ ሴንሰር (ብርሃኑ የሚያርፍበት ሰሌዳ) ባለው ካሜራ ላይ ደግሞ 20 ሚሊሜትር ሌንስ ልክ ይሆንለታል። ከሌንስ ፊት የሚገጠመውን የፖላራይዘር ማጣሪያ የሚጠቀም ሰው ይጠንቀቅ፤ ማጣሪያውን ሲያዞረው የቀስቱ ክፍል ከፊቱ ሊጠፋ ይችላል። እኔ ይህን ሆን ብዬ አደርገዋለሁ፤ አንዴ አጥፍቼ አንዴ አድምቄ ማየት ያስደስተኛል። ሁለተኛው ቀስት ከተገኘ ደግሞ ሁለቱ መካከል ያለውን ሰማይ እዩት፤ ከውጪውም ከውስጡም ይጠቁራል። ሰው ቀለሙን ሲያይ ያን ጥቁረት ያልፈዋል።

ጨረቃን ማንሳት የጀመርኩት ከወንድሜ ጋር ባለን ልማድ ምክንያት ነው። እሱ ወደ ሰሜን ርቆ በሌላ አህጉር ይኖራል። ስንናፈቅ የየራሳችንን ጨረቃ አንስተን እንላላካለን። አንድ ምሽት አዲስ የወጣችው ጨረቃ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ በጀርባዋ ተኝታ አነሳኋትና ላክሁለት። እሱ ጋ ሲመሽ ያነሳት ደግሞ ቀጥ ብላ በጎኗ የቆመች ነበረች። «እትዬ፣ ያንቺዋ ደግሞ ምን ሆና ተጋደመች?» አለኝ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጌ ብዙ ጊዜ አየኋቸው። ጨረቃዋ ያችው ናት፣ ፊቷ ላይ ያሉት ጥቁር ሜዳዎችም ያው ናቸው። ያጋደልነው እኛ ነን። እሱ በምድር ክብነት ላይ ከእኔ በብዙ ዲግሪ ርቆ ቆሟል፤ የእሱ «ላይ» እና የእኔ «ላይ» የሚያመለክቱት ወደ ተለያየ የሰማይ ክፍል ነው። ከደቡቡ የምድር ክፍል የሚያያት ሰው ደግሞ ጭራሽ ተገልብጣ ያገኛታል። ካርታ ላይ ያለው ርቀት ቁጥር ነው፤ ያ ርቀት ዓይኔ ላይ የገባው በእነዚያ ሁለት ፎቶዎች ነው።

ጨረቃ በፎቶ ታንሳለች እያለ ብዙ ሰው ያዝናል። ከአድማስ ስትወጣ ሰፊ ሆና አይተናት፣ ስልካችን ላይ ግን ነጭ ነጥብ ትሆናለች። ካሜራው አልዋሸም። ጨረቃ በሰማይ ላይ የምትይዘው ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው፤ ክንድ ዘርግቶ በትንሿ ጣት ጫፍ መሸፈን ይቻላል። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ሴንሰሩ ላይ የምታርፈው ምስሏ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። አድማስ ላይ መተለቋ የአእምሯችን ሥራ ነው። እንዲያውም አድማስ ላይ ስትሆን ከአናታችን በላይ ካለችበት ጊዜ በምድር ግማሽ ስፋት፣ 6,400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ትርቀናለች፤ በጣም በጥቂቱም ቢሆን ያነሰች ናት። ብርሃኗን በተመለከተ የሚረሳው ነገር ደግሞ ጨረቃ ቀትር ላይ የቆመ ድንጋይ መሆኗ ነው። ሌሊት ነው ብሎ ሹተሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ለረጅም ጊዜ ከከፈቱት ነጭ ሰሌዳ ትሆናለች። በቀን ብርሃን እንደሚነሳ ነገር ቆጥሮ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ ሹተር 1/100 ሰከንድ፣ የሌንስ ቀዳዳ 11 ላይ መጀመር ያዋጣል። ከሁሉ በላይ ሙሉ ጨረቃን አልጠብቅም፤ ሙሉ ስትሆን ጥላ ስለሌላት ፊቷ ጠፍጣፋ ነው። ግማሽ በሆነችበት ሰሞን ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ የየጉድጓዱ ጠርዝ ጥላ ጥሎ ይታያል፤ እዚያ መስመር ላይ ለቆመ ሰው ፀሐይ እየወጣች ወይም እየጠለቀች ነው።

የሌሊቱን ሰማይ ለብቻው ብጽፈው እወዳለሁ፤ እዚህ ግን አንድ ሁለት ነገር ብቻ። የመጀመሪያው የከዋክብት ቀለም ነው። በጨለማ የሚያየው የዓይናችን ክፍል ቀለም አይለይም፤ ስለዚህ ከደማቆቹ በስተቀር ኮከብ ሁሉ ነጭ ይመስለናል። ካሜራው ግን ቀለሙን ያያል። ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ላይ ሌንሱን አነጣጥራችሁ፣ ፎከሱን ሆን ብላችሁ ትንሽ አበላሹት። እያንዳንዱ ኮከብ ተነፍቶ ትንሽ ክብ ይሆናል፤ በክቡ ውስጥ ቤተልጌውዝ ብርቱካናማ፣ ራይጀል ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ሆነው ይለያሉ። ቀዩ በአንጻሩ የቀዘቀዘ፣ ሰማያዊው የጋለ ነው። ይህን ያየሁ ለታ የለመድኳቸው ኮከቦች ሁሉ መልክ ያወጡ መሰለኝ።

ሁለተኛው የኮከብ ዱካ ነው። መቆሚያው ላይ ያለ ካሜራ ሹተሩ ለረጅም ሰዓት ሲከፈት፣ ወይም ብዙ ፎቶዎች ሲደራረቡ፣ ኮከቦቹ ቅስት ይስላሉ፤ በሰዓት 15 ዲግሪ። የምትዞረው ምድር ናት፤ ካሜራው ከእሷ ጋር ታስሮ ስለሚዞር ኮከቦቹ የሄዱ ይመስላል። ቅስቶቹ ሁሉ አንድ የማይንቀሳቀስ ነጥብ ይከባሉ፤ የምድር ዛቢያ የሚያመለክትበት ነጥብ ነው። ያ ነጥብ ከአድማስ ያለው ከፍታ ደግሞ በዲግሪ ሲለካ ፎቶ አንሺው ያለበት ኬክሮስ ራሱ ነው። ወገብ ላይ የቆመ ሰው ነጥቡን አድማስ ላይ ያገኘዋል፤ ዋልታ ላይ የቆመ በቀጥታ ከአናቱ በላይ። ስለዚህ ማንም ሰው የኮከብ ዱካ ፎቶ አድማሱን ጨምሮ ቢያሳየኝ፣ የቦታውን ስም ሳይነግረኝ ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደሚርቅ መገመት እችላለሁ። መርከበኞች ለዘመናት ባሕር ላይ ያሉበትን ኬክሮስ ያወቁት በዚሁ መንገድ ነው። ዱካ የማይፈልግ፣ ነጥብ ነጥብ የሆኑ ኮከቦችን የሚፈልግ ሰው የሚጠቀምበት ግምት አለ፤ 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር ማካፈል። 20 ሚሊሜትር ሌንስ 25 ሰከንድ ያህል ይፈቅዳል፤ ከዚያ ካለፈ የምድር መዞር ፎቶው ላይ ይታያል።

ስለ ፍኖተ ሐሊብ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚባል ነገር አለ፤ ሰማይን ማየት ሰውን ኢምንትነቱን ያስታውሰዋል ይባላል። የምናየው ነጭ ጎዳና የራሳችን የኮከቦች መንደር በጎን ሲታይ ነው፤ ስፋቱ 100,000 የብርሃን ዓመት ገደማ፣ እኛ ከመሀሉ 26,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቀን። ቁጥሩ ሰውን ቢያስፈራ አይገርምም። እኔ ላይ ግን የሚያደርሰው ስሜት ሌላ ነው። ሐሳብ የበዛብኝ፣ ሥራውም ኑሮውም የተደበላለቀብኝ ወቅት ነበር፤ ማታ ማታ ጨለማ ፍለጋ ወጥቼ ካሜራውን አቆምና ፎቶው እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ሰማዩ ለጭንቀቴ መልስ አልሰጠኝም። ግን በስተደቡብ የመሀሉ ደማቅ ክፍል፣ ከአናቴ በላይ ቀጭኑ፣ ከእግሬ ሥር የምትዞረው ምድር ሆነው፣ ያለሁበትን ቦታ በትክክል አውቅ ነበር። ሁሉም ነገር የተንሳፈፈበት ሰው ያለበትን ቦታ ማወቁ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ወቅት በኋላ በሰማይ ፊት ትንሽነት ተሰምቶኝ አያውቅም፤ የሚሰማኝ እዚህ መሆኔ ነው።

ደመና አነሳለሁ ስል ጓደኞቼ ፊት ላይ የማዘን ነገር አያለሁ፤ ሰማዩ ባልጠራ ጊዜ የሚደረግ ምትክ ይመስላቸዋል። ለእኔ ግን ከሰማይ ሁሉ ለምድር የሚቀርበው ደመና ነው። አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚያህል፣ ነጭ ሆኖ የተቆለለ ተራ ደመና ውስጥ 500 ቶን ያህል ውሃ አለ፤ ጠብታዎቹ በጣም ደቃቅ ስለሆኑ ከሥር የሚነሳው ሞቃት አየር ተሸክሟቸው ይውላል። የደመናው ሥር ጠፍጣፋ ሆኖ እንደተቆረጠ የሚታየው፣ እየወጣ ያለው አየር ቀዝቅዞ እንፋሎቱ ወደ ጠብታ የሚለወጥበት ከፍታ እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ፎቶ ላይ ያን ጠፍጣፋ መስመር ሳይ መሬቱ ምን ያህል እንደሞቀ፣ አየሩ ምን ያህል እርጥበት እንደያዘ አነባለሁ። መስመሩ ከፍ ካለ አየሩ ደረቅ ነው።

ለደመና ስም ያወጣውም እንደኛው ለፍቅሩ ሲል ሰማይ የሚያይ ሰው ነበር። ሉክ ሃዋርድ ለንደን ውስጥ በመድኃኒት ሥራ ይተዳደር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1802 ለጓደኞቹ ባቀረበው ንግግር የተቆለለውን ኩሙለስ፣ የተነጠፈውን ስትራተስ፣ እንደ ፀጉር የተበጠረውን ሲረስ አለው። ስሞቹ እስከ ዛሬ አሉ። የዓለም የደመና አትላስ እ.ኤ.አ. በ1896 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም በዚሁ አከፋፈል ላይ ተመሥርቶ ነው። እኔን የሚያስደስተኝ ግን የቅርቡ ታሪክ ነው። ጋቪን ፕሬተር ፒኒ የመሠረተው የደመና ወዳጆች ማኅበር አባላት ከየአገሩ የሚልኳቸው ፎቶዎች ውስጥ ከታወቁት መደቦች በአንዱም በደንብ የማይገባ ደመና ደጋግሞ ታየ፤ ከባሕር ሥር ሆኖ የተናወጠ ማዕበልን ወደ ላይ እንደ ማየት ያለ፣ ውዥንብር ያለበት ሰማይ። ማኅበሩ ለብቻው ስም ይገባዋል ብሎ ለዓመታት ተሟገተ፤ የዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 አስፐሪታስ በሚል ስም አትላሱ ውስጥ አስገባው። እነዚያን ፎቶዎች ያነሱት በአብዛኛው ተራ ሰዎች ናቸው፤ በዚያች ሰዓት እዚያ ቆመው ቀና ያሉ።

ከዚህ በመነሳት ነው በአንድ ነገር ላይ አቋሜ የጠነከረው። ዛሬ በአንድ ቁልፍ የፎቶን ሰማይ አውጥቶ ሌላ ሰማይ የሚተካ ሶፍትዌር ሞልቷል። አሰልቺ ነጭ ሰማይ የነበረው በአንድ ሰከንድ ውስጥ እሳት ይለብሳል። ብርሃን ማስተካከልን አልቃወምም፤ እኔም አስተካክላለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ የሌሊት ፎቶዎችን ደራርቤ ላያቸው ላይ የሚታየውን ብናኝ መሰል ነጠብጣብ እቀንሳለሁ። ካሜራው 25 ሰከንድ ሙሉ የሰበሰበው ብርሃን ዓይኔ ካየው ቢበልጥም ብርሃኑ በእርግጥ መጥቷል። የተተካ ሰማይ ግን ያልመጣ ብርሃን ነው። ፎቶው የነበረውን ብቸኛ ምስክርነት፣ እዚህ ቆሜ ነበር የሚለውን፣ ይሰርዘዋል።

ደግሞም ያስታውቃል። ቀጭን ጨረቃ የበራ ጎኗ ምን ጊዜም ወደ ፀሐይ ነው፤ ምሽት ላይ ፀሐይ ከጠለቀችበት በተቃራኒ አቅጣጫ የበራ ቀጭን ጨረቃ ካየሁ አንድ ሰው አጣብቋታል ማለት ነው። ባልበራው የጨረቃ ክፍል ውስጥ ኮከብ ከበራም እንዲሁ፤ እዚያ ያለው የጨረቃዋ ጨለማ አካል ነው፣ ከኋላዋ ያለ ኮከብ አልፎት አይታይም። ቀስተ ደመና ከተለጠፈበት ሰማይ ሥር የሰዎቹ ጥላ ወደ ጎን ከወደቀ፣ ያ ቀስት እዚያ ሊኖር አይችልም፤ ጥላ ወደ ቀስቱ መሀል ነው የሚሄደው። እነዚህን የምለው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። አሰልቺ የተባለው ነጭ ሰማይም የዚያ ቀን እውነት ስለነበረ፣ ቢቀር ስለሚቆጨኝ ነው።

ለዚህም ስል ፎቶ ባነሳሁ ቁጥር ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ እና የዞርኩበትን አቅጣጫ እጽፋለሁ። ስልኩ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ራሱ ይይዛል፤ አቅጣጫውን ግን በእጄ ነው የምጽፈው። ጥሩ ሆኖ ያልወጣ ፎቶ እንኳ ይህን ከያዘ ዋጋ አለው።

አሁን የያዝኩት ሥራ ከሁሉ ረጅሙ ነው። ካሜራን አንድ ቦታ ላይ በማይነቃነቅ ነገር አስሮ፣ ፀሐይን በየተወሰነ ቀን ልክ በአንድ ሰዓት ላይ ለዓመት ሙሉ ማንሳት። ፎቶዎቹ ሲደራረቡ ፀሐይዋ ሰማይ ላይ የተጣመመ 8 ቁጥር ትስላለች፤ አናሌማ ይባላል። የምድር ዛቢያ በ23.4 ዲግሪ ማጋደሉ ቁጥሩን ያረዝመዋል፤ ያ ማጋደል ምድር በሞላላ መንገድ ስትሄድ ፍጥነቷ ከመለዋወጡ ጋር ሆኖ ደግሞ ወደ ጎን ያሰፋዋል። በአንድ ፊልም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው አሜሪካዊው ዴኒስ ዲ ቺኮ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 እና 1979። ሊሞክር የሚያስብ ሁሉ ለፀሐይ የተሠራ ማጣሪያ ሌንሱ ፊት ሳይገጥም እንዳይጀምር፤ ያለ ማጣሪያ በሌንስ ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል። ደመና በጋረደበት ቀን ነጥቡ ይጎድላል፤ ያን ቀን ደመናውን አነሳለሁ። እስካሁን የ8ቱ ትንሹ ቀለበት ተዘግቷል፤ ትልቁ፣ ምድር ለፀሐይ ቀርባ በፍጥነት የምትሄድበትን ወቅት የያዘው፣ ገና ነው። ወንድሜም ከመስኮቱ የራሱን ጀምሯል። የእሱ ከእኔው በተለየ አጋደል እንደሚወጣ ከወዲሁ እናውቃለን፤ ሲያልቁ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ለማተም ተስማምተናል።